ጅቡን ያቆመው መምህር

በሥራ ዘመኔ ከዝውውሩም ከደመወዙም ከክረምቱ ጭቃም ይልቅ ያደከመኝ አንድ ሰው ነው። ምንም አላደረገኝም። አልሰደበኝም፤ ወንበሬን አልነጠቀኝም፤ በአለቃ ፊት አላሳጣኝም። በደሉ ከእኔ የበለጠ አስተማሪ መሆኑ ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጥቼ ደባርቅ ቤቴ ከተቀመጥሁ ወዲህ ጎረቤቶቼ «የሺ፣ ያን ያህል ዘመን ስታስተምሪ ምን ትዝ ይልሻል?» ሲሉኝ አፌ ላይ ቀድሞ የሚመጣው የእሱ ስም ነው። ባዩ።

ሥራ የጀመርሁት ደርግ ሥልጣን በያዘ ሰሞን ድብ ባሕር ላይ ነው። አውቶቡስ ቆሞ ሰው የሚያወርድባት፣ ሽንኩርትና ባቄላ የሚቸረቸርባት ትንሽ የመንገድ ዳር ከተማ ናት። የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ሳይንስ ሰጡኝ። የጀርባ አጥንት ስላላቸው እንስሳት የማስተምርበት ሳምንት ሲደርስ ሰሌዳውን በጠመኔ አምስት ቦታ ከፍዬ ጻፍሁ፦ ዓሣ፣ እንቁራሪትና ወገኖቿ፣ ተሳቢዎች፣ አእዋፍ፣ አጥቢዎች። በማግስቱ የአንዱ ተማሪ አባት በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«እመቤቴ፣ እባብ አጥንት አለው ብለዋል አሉ።»

«አዎ አባባ፣ አለው።»

«አጥንት ያለው ፍጥረት እንደ ገመድ ይጠቀለላል? ስንቱን በዱላ ስንለው አልኖርንም? አጥንት ቢኖረው ኖሮ ይሰማን ነበር።»

«አጥንቱ ትንንሽና ብዙ ስለሆነ ነው አባባ። እንደ መቁጠሪያ ተያይዞ ነው ያለው።»

«እንግዲያው ያሳዩና» አሉኝ።

የማሳየው አልነበረኝም። እኔም ራሴ የእባብ አጥንት አይቼ አላውቅም፤ መጽሐፍ ላይ ካለው ሥዕል በቀር። አዛውንቱ ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ያን ዓመት በሙሉ ልጆቹ የምለውን ለፈተና ብለው ጻፉት እንጂ አንዳቸውም አላመኑኝም።

ወደ ዳባት ስዛወር ነው ጋሽ ታከለን ያገኘሁት። የሳይንስ መምህር ነበሩ፤ አጭር፣ ጢማቸውን ሁልጊዜ የሚላጩ፣ ካፖርታቸውን በጋ ከክረምት የማያወልቁ። በቤተ ሙከራው ጥግ ባለመስታወት ቁም ሣጥን ነበራቸው። በውስጡ አጽም ቆሞበታል። ከጎርጎራ በአውቶቡስ ያስመጡት ዓሣ፣ ከምንጭ ዳር የተያዘች እንቁራሪት፣ የእረኛ ድንጋይ የጣለው እባብ፣ በበሽታ የሞተ በግ። የወፉ መደርደሪያ ብቻ ባዶ ነበር። የእባቡን አጥንት ሳይ የድብ ባሕሩ አዛውንት ትዝ አሉኝና ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ጋሽ ታከለ ትምህርቱን በስም አይጀምሩም። ልጁን ዓይኑን ጨፍን ይሉትና አንድ አጥንት መዳፉ ላይ ያስቀምጣሉ። «ዓይን ይቸኩላል፤ ጣት አይቸኩልም» ይላሉ። ከዚያ ይጠይቃሉ። ይኼ ፍጥረት የለበሰው ቅርፊት ነው፣ ላባ ነው ወይስ ጸጉር? የሚተነፍሰው እንደ ዓሣ በስንጥብ ነው ወይስ እንደ እኛ በሳንባ? ዕንቁላል ይጥላል ወይስ ወልዶ ጡት ያጠባል? ብርድ ሲመጣ ደሙ ከውጭው ጋር ይቀዘቅዛል ወይስ እንደ እኛ ሙቀቱን ጠብቆ ይኖራል? ልጆቹ ሲከራከሩ እሳቸው ዝም ብለው ጥፍራቸውን በቢላዋ ይከረክማሉ። ስሙን የሚነግሯቸው ደወሉ ሊደወል ሲል ነው። «ስም ኋላ ይደርሳል» ይሉኝ ነበር። «መጀመሪያ አካሉን ጠይቂው።»

አጥንት ማዘጋጀትንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በግ ሥጋው ከተገፈፈ በኋላ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ ጥቂት አመድ በገባበት ውሃ ቀስ ብሎ ይበስላል። እባብን ከጅራቱ ጀምሮ እያላቀቁ ወዲያው ክር ላይ መሰካት ነው፤ አንዴ ከተቀላቀለ ማንም አይመልሰውም። ዓሣ እሳት አያይም፤ ትኩስ ውሃ ብቻ ይፈስስበታል። እንቁራሪቷን ደግሞ በተበሳሳ ቆርቆሮ ውስጥ አድርገው ጉንዳን ጉድጓድ አጠገብ ያኖሯታል። ጉንዳኑ ሥጋውን ጠርጎ አጥንቱን ሳያዛንፍ ይተወዋል። በእነዚያ ዓመታት ከእሳቸው ጋር አመድና ሽቦ ስንነካካ ሳለ ሳጥኑ አንድ ቀን የእኔ እንደሚሆን ማንም ሳይነግረኝ አምኜ ነበር።

አንድ ጊዜ ከሳንቃ በር ተራራ በኩል የመጣ የበቅሎ ነጂ ከገደል ሥር ሞቶ ያገኘውን ትልቅ ጥንብ አንሣ በጆንያ ጠቅልሎ አመጣልን። ጋሽ ታከለ እንደ ሙሽራ አቀፉት። ለባዶው መደርደሪያ እንዲህ ያለ ወፍ ሲጠብቁ ዓመታት አልፈዋል። በዚያው ሳምንት ለስብሰባ ጎንደር ተጠሩ። «እስክመለስ ዘፍዝፊው ብቻ» ብለውኝ ሄዱ።

እኔ ግን ሲመለሱ ቆሞ እንዲያዩት ፈለግሁ። ላስደንቃቸው ፈለግሁ። ከክፍሉ ጀርባ ትልቅ ድስት ጣድሁ፤ ለበግ እንደምናደርገው አመዱን ጨመርሁ፤ እሳቱንም አበዛሁት። ከሰዓት በኋላ ክዳኑን ስከፍት የክንፉ አጥንቶች እንደ ራሰ ዳቦ በእጄ ላይ ፈረሱ። የራስ ቅሉና የእግሩ አጥንት ብቻ ተርፏል። ድስቱ አጠገብ ተቀምጬ አመሸሁ።

ጋሽ ታከለ ሲመለሱ አልተቆጡም። ከስባሪው አንዱን አንሥተው አፋቸው ላይ አድርገው ነፉት፤ በሌላው ጫፍ ትንፋሻቸው ወጣ። «የወፍ አጥንት ባዶ ነው የሺ» አሉ። «ለመብረር እንዲቀለው በውስጡ አየር ነው ያለው። አየር ይቀቀላል?» ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ባዩ የመጣው ከዚህ በኋላ በቀጣዩ የትምህርት ዘመን መጀመሪያ ነው። ከዳባት ብዙም በማትርቅ መንደር የተወለደ፣ ከቤተ እስራኤል ወገን የሆነ ወጣት መምህር ነው። በዚያ ዘመን የአገሩ ሰው ለወገኖቹ ሌላ ስም ነበረው፤ እኔ አልደግመውም። አባቱ ማረሻ ቀጥቃጭ፣ እናቱ እማማ ጥሩዬ ሸክላ ሠሪ ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳባት ገበያ ማሰሮና ጀበና ያወርዳሉ። ረጋ ያለ፣ ሲስቅ በእጁ አፉን የሚሸፍን ሰው ነበር። ጋሽ ታከለ ሳጥኑን ሲያሳዩት የጥንብ አንሣው መደርደሪያ ፊት ቆመና የራስ ቅሉንና እግሩን ብቻ አየ።

«ክንፉስ?» አለ።

«ጠፋ» አሉ ጋሽ ታከለ። ወደ እኔ አላዩም። እሱንም አልረሳሁላቸውም።

ባዩ ከእናቱ ጭቃ ወስዶ፣ የተረፈውን ስባሪ አጥንት እየለካ፣ የጎደለውን ሁሉ በሸክላ ሠራው። ስስ አድርጎ፣ ውስጡን ክፍት አድርጎ። በእናቱ እሳት አስተኮሰው። ክንፉ ተዘርግቶ መደርደሪያው ላይ የቆመ ቀን ጋሽ ታከለ ሣቁ። ጥርሳቸው እስኪታይ፣ ዓይናቸው እንባ እስኪያዝል ሣቁ። እኔ በዚያ ሁሉ ዓመት እንዲህ አላሳቅኋቸውም።

ቅናት ሥራ ያስፈታል ይላሉ፤ እኔ ላይ ግን ሥራ አብዝቶብኛል። እሱ በሚያስተምርበት ሰዓት ክፍት ጊዜ ካለኝ በመስኮቱ በኩል እመላለስ ነበር፤ የማልፍበት ጉዳይ ያለኝ መስዬ። አንድ ቀን የሌሊት ወፍ በቅርጫት ይዞ ገባ። ልጆቹ «ወፍ! ወፍ!» ብለው ጮኹ።

«ላባዋን አሳዩኝ» አለ።

ፈለጉ፤ የለም። ጸጉሯን ዳሰሱ። ጆሮዋን አዩ። ከደረቷ ላይ የተለጠፈ ግልገል ነበራት፤ እየጠባ።

«ታዲያ ወፍ የምትባል ለምንድን ነው?» አለች እናትነሽ የምትባል ተማሪ፤ የክፍሉ ብርቱ ልጅ ነበረች።

«በሩቅ ያየ ሰው ነው ስም ያወጣላት» አለ ባዩ። «እናንተ በቅርብ አያችኋት።»

እኔ ያንኑ ነገር ዓመት ዓመት በጠመኔ እጽፈው ነበር። የሌሊት ወፍ አጥቢ ናት፤ ነጥብ። ልጆቼ ይገለብጡታል። የእሱ ልጆች ግን በእረፍት ሰዓትም እየተከራከሩ ወጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ በዕድሜ የሚያንሰኝን ሰው በሆንሁ ብዬ ተመኘሁ፤ ወዲያው ደግሞ እንዲዛወርልኝ ተመኘሁ።

የጋሽ ታከለ ጡረታ ሲቃረብ ከከተማው መውጫ መንገድ ዳር መኪና የገጨው ጅብ ተገኘ። ጋሽ ታከለ ሁለታችንንም ጠሩን። «ይኼ የመጨረሻዬ ነው። ባዩ ያቁመው። የሺ፣ አንቺ አግዢው» አሉ።

አግዢው። ቃሏ እስከ ዛሬ ታቃጥለኛለች። ቢሆንም አገዝሁት። እሳቱን የያዝሁት እኔ ነኝ፤ ከጥንብ አንሣው ወዲህ ለስላሳ እሳት ምን እንደሆነ አውቄ ነበር። አጥንቱ እንደ ጥርስ ነጭ ሆኖ ወጣ። ባዩ ሽቦውን እያጋለ ቀዳዳ አበጀ፤ ጅቡን ከፊት ከፍ፣ ከኋላ ዝቅ አድርጎ፣ አንድ እግሩን አንሥቶ ሊራመድ እንዳለ አቆመው። ሲጨርስ እኔም ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ጋሽ ታከለ መጥተው ዙሪያውን ዞሩት። የመንጋጋውን አጥንት በአውራ ጣታቸው ነኩት። «አሁን ልሂድ» አሉ። የሳጥኑን ቁልፍ ለባዩ ሰጡት። በወሩ መጨረሻ ወደ ትውልድ አገራቸው ሄዱ።

ወሬው የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው። በአገራችን ቡዳ ጅብ ይሆናል ይባላል፤ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ደግሞ በቡዳነት ይታማል። የቀጥቃጭ ልጅ፣ የሸክላ ሠሪ ልጅ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ጅብ አቆመ! ይህን ሰምቶ ዝም የሚል ገበያ የለም። በዚህ መካከል እናትነሽ በክፍል ውስጥ ጅቡ ፊት ቆማ ጥያቄ ስትመልስ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ቤቷ ተወስዳ ትኩሳት ይዟት «ጅቡ፣ ጅቡ» ማለት ጀመረች። በቅዳሜው ገበያ የእማማ ጥሩዬን ሸክላ ሰዎች በድንጋይ ሰባበሩት። በሚቀጥለው ሰኞ የወላጆች ስብሰባ ተጠራ።

ከስብሰባው በፊት ርዕሰ መምህሩ ቢሮው አስጠራኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። ካድሬዎቹ ሁከት ተነሣ ብለው እንዳይመጡበት ይሠጋል።

«የሺ፣ ነገሩን ማብረድ ነው የምንፈልገው» አለኝ። «ጅቡን ያመጣ እሱ፣ ያቆመ እሱ። አንቺ ‹አላውቅም› ብትዪ ይበቃል። ለራሱም ደህንነት ሩቅ ቦታ እናዛውረዋለን። ሳጥኑም ቁልፉም በአንቺ እጅ ይሆናል።»

እውነቱን ለመናገር ልቤ ሞቀ። ቁልፉ በእጄ ሲቀዘቅዘኝ ተሰማኝ። ከቢሮው ስወጣ እማማ ጥሩዬ የትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጠዋል፤ ወደ ውስጥ ግቡ ያላቸው የለም። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኋቸው።

«ልጄን ያስተማርሁት ከዚህ ስም እንዲያመልጥልኝ ነበር» አሉኝ። «ስሙ ቀድሞት ደረሰ።»

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ባዩ ከፊት ለብቻው ተቀምጧል፤ አጠገቡ ያለው አግዳሚ ባዶ ነው። የእናትነሽ አባት አያ ደመቀ ተነሡ።

«ልጄ በትኩሳት ውስጥ ሆና ጅቡን ትጠራለች። ሌላ ምን ምስክር ትፈልጋላችሁ? ይህ ሰው ከዚህ ይነሣ። ባይነሣ እኛ እናውቃለን።»

ርዕሰ መምህሩ ወደ እኔ አየ። «መምህርት የሺእመቤት የምታውቀውን ታስረዳ» አለ።

ተነሣሁ። ምን እንደምል እስክነሣ ድረስ አላውቅም ነበር።

«አያ ደመቀ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አልሁ። «ቡዳ ሰው የሚበላው በምኑ ነው?»

«በዓይኑ ነዋ!»

«ማንን ሲያይ?»

«መልከ መልካም ሲያይ፣ የተሳካለት ሲያይ፣ ብልህ ሲያይ። ቀንቶ ነው የሚበላ፤ ይህን ማን ያጣዋል?»

«እንግዲያው ሰው ተሳስታችኋል» አልሁ። «ባዩ በማንም አይቀናም። በዚህ ግቢ ውስጥ የምቀናው እኔ ነኝ። ከመጣ ጀምሮ ልጆቻችሁ ሲወዱት እያየሁ፣ በመስኮት እየተመላለስሁ ቀንቼበታለሁ። እንዲሄድልኝ ተመኝቻለሁ። የቀናተኛ ዓይን ከሆነ የምትፈልጉት ይኸው የኔን መርምሩ። ጅቡንም የቀቀልሁት እኔ ነኝ። ከጅራቱ እስከ አንገቱ አጥንቱን ያጠብሁት በዚህ እጄ ነው። አጥንት ነው። ከበግ አጥንት፣ ከእኔና ከእናንተ ጀርባ አጥንት የሚለየው በመጠን ብቻ ነው።»

ባዩ ዞሮ አየኝ፤ ፊቱ ላይ ያለውን ማንበብ አልቻልሁም። ከኋላ በኩል አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ሳቅ አፈናቸው።

«ጎበዝ፣» አሉ፣ «እኔ ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ። ቀናሁ ብሎ በጉባኤ የሚናገር ቡዳ አላየሁም። ይህች ሴት የሐሰት ነገር ብትፈልግ ኖሮ የሚቀላት ዝም ማለት ነበር። ደመቀ፣ አንተ ልጅህን በቃሬዛ አድርገህ ጤና ጣቢያ አድርሳት። እግዜር የሰጠን ጆሮ ለወሬ ብቻ አይደለም።»

ሰው እየተንሾካሾከ ተበተነ። አያ ደመቀ ቅር እያላቸውም ቢሆን ልጅቱን አደረሷት፤ ከቃሬዛው ተሸካሚዎች አንዱ ባዩ ሊሆን ሲል ከለከሉት። በሽታው ተስቦ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒት ተሰጣት፤ ዳነች፤ ተመልሳም በዚያው ክፍል ተቀመጠች። አባቷ ግን ባዩን ሰላም ብለውት አያውቁም። የእማማ ጥሩዬን ስብርባሪ ሸክላም የከፈለ የለም።

ባዩ ከስብሰባው በኋላ ቤተ ሙከራው ውስጥ አገኘኝ። ምስጋና ጠብቄ ነበር፤ አልዋሽም።

«እትዬ የሺ፣ እንዲህ ትቀኚብኝ እንደነበር አላውቅም ነበር» አለኝ።

«አሁን እወቅ።»

«ምኔ ነው የሚያስቀና?» አለ። የእውነቱን ነው የጠየቀኝ። «አንቺ ገበያ ስትሄጂ ሰው ይነሣልሻል።»

ጥያቄው ግን ቅናቴን አላጠፋውም፤ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ እንኳ ክፍሉ ሲስቅ ሰምቼ ከንፈሬን ነክሻለሁ። ሰው ለሰው መስክሮም ሊቀናበት እንደሚችል ያኔ ነው የተማርሁ።

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየ። አንድ ሰኞ አልመጣም። መንደራቸው ሄጄ ስጠይቅ ቤቶቹ ተዘግተዋል፤ የሸክላው ማቃጠያ ቀዝቅዟል። በእግራቸው ወደ ሱዳን ወርደዋል፤ ከዚያ ወደ እስራኤል ይሻገራሉ አሉ። ካድሬዎች መጥተው ጠየቁኝ፤ የማውቀው አልነበረኝም። ቁልፉን በቤተ ሙከራው ጠረጴዛ ላይ ትቶልኝ ነበር። ስመኘው የኖርሁት ቁልፍ ነው፤ ሳነሣው ደስ አላለኝም።

በሳጥኑ ለጥቂት ዓመታት አስተማርሁ። ጦርነቱ ወደ እኛ ሲደርስ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ወታደር ሰፈረበት። ሳጥኑን ለማገዶ ፈለጡት። ደርግ ሲወድቅ ተመልሼ ያገኘሁት የተሰባበረ መስታወት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ደባርቅ ተዛወርሁ፤ እስከ ጡረታዬም እዚያው አስተማርሁ።

በዚያ ሁሉ ዘመን ስለ ባዩ አስብ ነበር። በምናቤ ነጭ ጋውን ለብሶ፣ መስታወት በሞላበት ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ የማላውቀውን መሣሪያ ይዞ ያስተምራል። እኔ በደባርቅ ብርድ ጠመኔ ስቆርስ እሱ እዚያ ሞቆት ይስቃል። እንደዚያ እያልሁ ዘመኔን ቀናሁበት።

ጡረታ ልወጣ በተቃረብሁበት የትምህርት ዘመን ሽበታም ሰው በትምህርት ቤቱ በር ቆሞ «እትዬ የሺ አሉ?» አለ። ተራራውን ሊያዩ ወደ ቡይት ራስ ከሚሄዱ እንግዶች ጋር ነው የመጣ። ሲስቅ አፉን በእጁ ሸፈነ፤ በዚያ አወቅሁት። ተቃቅፈን አለቀስን። እናቱ እስራኤል ደርሰው ዐርፈዋል።

«የት ነው የምታስተምር?» አልሁት፤ መጀመሪያ የጠየቅሁት ይህን ነው።

«ማስተማር አልሆነልኝም» አለ። «ቋንቋው ዘገየብኝ። ወደብ ላይ የዓሣ ሣጥን ሳጥብ ነው ዕድሜዬን የፈጀሁ።»

ደግሞ አፈረና፣ «አንዲት ክፍለ ጊዜ ብትሰጪኝ?» አለኝ።

ሰጠሁት። እኔ ከኋላ ወንበር ተቀመጥሁ። አማርኛው ዘግየት ብሏል፤ የሚጠፋውን ቃል እየፈለገ ይቆማል። ስለ ባሕር ነገራቸው። በአንድ ጠዋት መጥረጊያ ይዞ ወደቡ ላይ ቆሞ ሳለ ትልቅ ዓሣ የሚመስል ነገር ከውሃው ብቅ ብሎ በአናቱ ቀዳዳ ‹ፉፍ!› ብሎ ተነፈሰ፤ ግልገሉም ከጎኑ ብቅ አለ።

«በስንጥብ የሚተነፍስ ለአየር ይወጣል?» ብሎ ጠየቃቸው። «አይወጣም!» አሉ። «ግልገል ይዞ የሚዞርስ?» ተንጫጩ። «ታዲያ እኔ መጥረጊያዬን ጥዬ፣ አማርኛ በማያውቅ ሰው መካከል፣ ‹አንቺ እኮ አጥቢ ነሽ!› ብዬ ጮኽሁ» አላቸው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዶልፊን ብሎ ስሟን የነገራቸው ደወሉ ሲደወል ነው። ባሕር አይቼ የማላውቀው እኔ ከኋላ ተቀምጬ እንደገና ቀናሁበት።

እስከ መኪናው ሸኝቼው ስመለስ አንዲት ተማሪ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«መምህርት፣ እኚያ ሰውዬ ነገም ይመጣሉ?»

«አይመጡም» አልኋት። «ነገ እኔ ነኝ።»

«እሺ» አለችኝ። ደግ ልጅ ናት፤ ቅሬታዋ እንዳይታወቅባት ቶሎ ብላ ወደ መሬት አየች።